ነገር በዓይን ይወጣል

የአውቶቡሱ ሰልፍ ከቆመ ቆይቷል።

ኩል ወደ ኋላ አልዞረችም። መዞር አያስፈልጋትም። ፊት ለፊቷ ባለው የጫማ መሸጫ መስታወት ላይ ቡናማ ጃኬት የለበሰው ሰውዬ ይታያታል። ጋዜጣ ይዟል፤ ገጹን ግን አይገልጥም። ከቤቷ መታጠፊያ ጀምሮ አልተለያትም።

ከፊቷ የቆመው ሰው ጃንጥላ ይዟል። ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች፣ እሱ ጃንጥላ ይዟል። ሁልጊዜም ይይዛል። ጃንጥላ የሚለው የምስጢር ስሙም ከዚያ የመጣ ነው፤ ኩል ደግሞ የእሷ ነው።

ጃንጥላው ወደቀ።

ጎንበስ ብላ አነሳችለት። ስታቀብለው ከእጀታው ሥር ጥፍር የምታህል ፍላሽ መዳፏ ውስጥ ቀረች።

«እግዜር ይስጥልኝ እህቴ» አለ ጮክ ብሎ። ከዚያ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ፣ «ዛሬ ነው?»

«ዛሬ። ከሰዓት።»

«ዓይኑን ማስከፈት ያንቺ ሥራ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ቡናማው ይከተልሻል።»

«አይቼዋለሁ።»

«እሱን ለኔ ተዪው። ተሳፈሪ።»

አውቶቡሱ መጣ። ጃንጥላ አንድ ነገር የረሳ መስሎ ከሰልፉ ወጣና ወደ ኋላ ሲመለስ ከቡናማው ጋር ተላተመ። ጋዜጣው ተበተነ። ይቅርታና ጭቅጭቅ ተከተለ። በሩ ሲዘጋ ሁለቱም አስፋልቱ ላይ ወረቀት ይለቅማሉ። ኩል በልቧ አመሰገነችው። ይህ ሰው ባይኖር ኖሮ እስካሁን ስንቴ በተያዘች ነበር።

የምትሠራበት ሕንፃ ከውጭ ሲያዩት ክሊኒክ ይመስላል። በሩ ላይ ያለችው ፀሐፊ እንኳን «ቀጠሮ አለዎት?» ትላለች። ምድር ቤት ሲወርዱ ግን በቀጠሮ የመጣ ሰው የለም።

ኩል እዚያ የምርመራ ማሽን ባለሙያ ናት። ለእስረኞች ቆብ ታለብሳለች፣ ካሜራ ታስተካክላለች፣ ሲያልቅ ትጠርጋለች። ከገባች ጊዜ ጀምሮ ከ«እሺ ዶክተር» ሌላ ቃል ከአፏ ሲወጣ የሰማ የለም።

ማሽኑ የሚሠራበት መንገድ ቀላል ነው። ሰው የጠፋበትን ቁልፍ ሲያስብ፣ ቁልፉ እንደሌለ እያወቀ እንኳን፣ ይሰቀልበት የነበረውን ምስማር ቀና ብሎ ያያል። ነገሩ ይኸው ነው። ስክሪኑ ላይ የከተማው ካርታ ይታያል። ከዚያ ይጠፋል፤ ነጭ ብቻ ይቀራል። «ሰዎቹን የት አደረስካቸው?» ተብሎ ይጠየቃል። አፍ ዝም ይላል። ዓይን ግን ባዶው ላይ ይሄድና ቤቱ የነበረበት ቦታ ያርፋል። ሰውዬው ዓይኑ መሄዱን እንኳን አያውቅም፤ ካሜራው ግን ይከተለዋል። በሽቦ የተሞላው ቆብ ደግሞ አንጎሉን ያነባል፤ የሚያውቀው ነገር ሲመጣ መስመሩ ዘለል ይላል። ዓይንና አንጎል ከተስማሙ አለቀ። ሰው መግረፍ ድሮ ቀረ ይላል ምርመራውን የሚመራው ዶክተር። መግረፉ ግን አልቀረም።

ልብስ ሰፊው የሚባለው ሽማግሌ እስረኛ ይህን ሁሉ ማሽን ያሸነፈው ሕፃን በሚያውቀው ዘዴ ነው። ዓይኑን ጨፈነ። መቱት፣ ጨፈነ። ሽፋሽፍቱን በጣት ገልጠው ያዙ፤ ጣቱ ካሜራውን ጋረደው። እንቅልፍ ነሱት፣ ጨፍኖ አሾፈባቸው፦ «እንቅልፍ ከከለከላችሁኝ ልለማመድ እንጂ።»

ዶክተሩ የሚፈልጋቸውን ተሰዳጆች ወደ መደበቂያው ቤት ያደረሰው እሱ ነው። ቤቱን ከእሱ ሌላ የሚያውቀው የለም ይባላል። ኩል ግን ታውቃለች። ደንቡን ጥሳ አንዴ ሄዳለች፤ ምክንያቱም እዚያ ቤት ውስጥ ካሉት አንዷ ታናሽ እህቷ ናት፣ ጡት የሚጠባ ልጅ ታቅፋ። ቤቱ ከተያዘ እህቷ አለቀላት። ኩል ሌላ ዘመድ የላትም።

የጃንጥላ ዕቅድ ያማረ ነበር። እያንዳንዱ ምርመራ ከመጀመሩ በፊት እስረኛው ስክሪኑ ላይ የሚታዩ ነጥቦችን በየተራ ያያል፤ ማሽኑም ዓይኑን በእነሱ ይለካል። ፍላሿ ውስጥ ያሉት ነጥቦች በጥቂቱ የተዛነፉ ናቸው። ነጥቦቹ ከተዛነፉ ማሽኑ ቀኑን ሙሉ ይሳሳታል። ልብስ ሰፊው ቤቱን ቢያይ ማሽኑ ከወንዙ ማዶ ያደርሰዋል። ጃንጥላ መጠኑን አስቀድሞ ነግሯት ስለነበር ኩል ትናንት ማታ ቤቷ ካርታ ዘርግታ ለክታዋለች። የእህቷ ቤት ቦታውን ለቆ፣ ሰው በተወው ጡብ ፋብሪካ ላይ ይወድቃል። ሄደው ሸክላ ይቆፍሩ።

አንድ ነገር ብቻ ቀረ። ሽማግሌው እንዲያምናትና ዓይኑን እንዲከፍት።

ልብስ ሰፊውን አምጥተው ወንበሩ ላይ አስቀመጡት። ከንፈሩ አብጧል። ዓይኑ ገና ከበሩ ጀምሮ ተጨፍኗል። ጠባቂው ከኋላው ቆመ። ዶክተሩ ከመስታወቱ ጀርባ ተቀመጠ፣ ሚንት ከረሜላ አፉ ውስጥ ጣለ። ጨዋ ሰው ነው። ሰው ሲመታ ማየት ስለማይወድ ሁልጊዜ ከክፍሉ ይወጣል።

ኩል ፍላሿን ማንም ሳይገባ ማሽኑ ላይ ሰክታለች፤ አሁን ቆቡን አለበሰችው። ጄሉን ቀባች። ከዚያ ኮሌታውን አስተካከለችለት።

አንዴ።

ሁለቴ።

በእነሱ ዘንድ ይህ «ወገን ነኝ፣ እመነኝ» ማለት ነው። ለጠባቂው ግን አንዲት ሥራዋን የምትወድ ሠራተኛ ናት።

ሽማግሌው ትንፋሹን ያዘ።

«ትንሽ ዘና ይበሉ አባት» አለች። «ዓይንዎን ቢከፍቱ ቶሎ ያልቃል። ምንም ጉዳት የለውም።»

ሽማግሌው ፊቱን ወደ ድምፅዋ አዞረ። ከዚያ ከፈተ። ቡናማ፣ የደከመ፣ ደም የለበሰ ዓይን ነው። ፊቷን አይቶ ፈገግ ለማለት ሞከረ፤ ከንፈሩ ግን አልታዘዘለትም።

«ነገር በዓይን ይገባል ሲሉ ስሰማ ነው ያረጀሁት» አለ። «በዓይን ይወጣል ያለኝ የለም።»

«አትለፍልፍ!» አለ ጠባቂው።

ነጥቦቹ አለፉ። ማሽኑ ተቀበላቸው። ኩል ወንበሯ ላይ ተመልሳ እጆቿን ጭኗ ላይ አሳረፈች።

ዶክተሩ ከዋናው ጥያቄ በፊት የማሟሟቂያ ጥያቄ አለው። አሮጌ የፎቶ ስብስብ ነው፤ አራት ፊት በአራት ጥግ። ከፋይሉ የሚያወጣው ሳያይ ነው፤ ልማድ ሆኖበታል። ፎቶዎቹ ታዩ። ታች በግራ በኩል ያለው ጃንጥላ ነበር፣ ያኔ ጢም ሳያወጣ። ኩል ደነገጠች፤ ግን የድሮ ተፈላጊ ነውና ፎቶው እዚህ መገኘቱ አያስገርምም።

ስክሪኑ ነጣ።

«ከመያዝህ በፊት መጨረሻ ያገኘኸው ሰው ማን ነው?»

ኩል ፊት ባለው ማሳያ ላይ የሽማግሌው የዓይን ምልክት ወረደ። ታች። ግራ። እዚያ ቆመ። የቆቡ መስመር ዘለለ። ምልክቱ ተነሳ፣ ዞረ፣ እንደገና እዚያው ተመለሰ።

ጃንጥላ ግን ሽማግሌውን ከክረምት ወዲህ አላየሁትም ብሏታል። ሲያዝ ሌላ ከተማ ነበርኩ፣ በድንገተኛ ፍተሻ ነው የተያዘው ብሏታል።

ዶክተሩን አየችው።

ዶክተሩ ሁሉን ይጽፋል። እስረኛ ቢያስነጥስ እንኳን ይጽፋል። ይህን አልጻፈም። ሰዓቱን አየና ከረሜላውን ከአንዱ ጉንጩ ወደ ሌላው አዛወረ።

ለምን አልጻፈም? ስለሚያውቀው ነው።

ጃንጥላ የነሱ ነው። ነጥቦቹን የሠራው ጃንጥላ ነው። እንግዲህ ዶክተሩ ነጥቦቹ በምን ያህል እንደተዛነፉ ያውቃል፤ ወደ ኋላ ለክቶ ትክክለኛውን ቦታ ያገኘዋል። ታዲያ ይህ ሁሉ ድካም ለምን? መልሱ አፍንጫዋ ሥር ነበር። ግርፋት ያልከፈተውን ዓይን የሚያስከፍት የታመነ ሰው ፈለጉ። እሷን አገኙ። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይባላል፤ ሞፈሩ ሲቆረጥ መጥረቢያውን ያቀበለችው ራሷ ናት።

«ካርታውን» አለ ዶክተሩ።

ቀና አለች። «ዶክተር፣ ቆቡ ይረብሻል። ጄሉ ደርቋል መሰለኝ።»

«ለኔ ደህና ነው።»

«ጆሮው ጋ ያለው ሽቦ ነው። ኋላ ውጤቱ ተበላሸ እንዳይባል።»

ዶክተሩ የተበላሸ ውጤት ይጠላል። በእጁ ፍጠኚ አላት።

ወደ ወንበሩ ሄደች። ጠባቂው ክንዷን ሊነካ እስኪቃረብ አጠገቧ ቆሟል። ሽማግሌውን ዓይንህን ጨፍን የምትልበት ምልክት የለም፤ እንዲህ ያለ ቀን ይመጣል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ሹክ ብትል ይሰማል። በግራ እጇ ሽቦውን ነካ ነካ አደረገች። በቀኝ እጇ ከሥር የአገጭ ማሳረፊያውን ብሎን ያዘች።

አዞረችው።

የሽማግሌው ራስ በጣም ጥቂት ዘመም አለ። አሁን ማሽኑ ሌላ ስህተት ተጨመረበት፣ ጃንጥላ የማያውቀው፣ ዶክተሩም የማይለካው። ወዴት እንደሚያደርስ ግን እሷም አታውቅም። ለማስላት ጊዜ አልነበራትም።

ካርታው ታየ። ወንዙ፣ ድልድዩ፣ ሰፈሮቹ። ከዚያ ጠፋ።

«ሰዎቹን የት አደረስካቸው?»

የሽማግሌው መንጋጋ ተቆለፈ። ዓይኑ ግን የሄደበት ሄደ። ምልክቱ ነጩ ላይ ተንሸራተተ፣ ቆመ። መስመሩ ዘለለ።

ዶክተሩ ካርታ ዘርግቶ እርሳስና ማስመሪያ አነሳ። ከምልክቱ ተነስቶ ወደ ግራ ለካ፤ ከዚያ ወደ ላይ። ልክ ጃንጥላ ያዛነፈውን ያህል። ኩል እያየችው ነበር፤ ከእንግዲህ የሚያጠራጥር ነገር የለም። እርሳሱ አንድ ጠባብ መንገድ ላይ ክብ ሠራ።

የእህቷ ሰፈር አይደለም።

አንድ ትንፋሽ ያህል ደስ አላት። ከዚያ ክቡን ደግማ አየችው። ወንዝ ዳር ያለ ሜዳ አይደለም፤ የተፋፈገ ሰፈር ነው። ሰው ይኖርበታል። ማን እንደሆነ አታውቅም። ብሎኗን ስታዞር የመረጠችው ሰው ነው።

ዶክተሩ ስልኩን አነሳ። «ተገኘ» አለና አድራሻውን ነገራቸው። ከላይ የመኪና ሞተር ሲነሳ ተሰማ።

ጄሉን ከሽማግሌው ፀጉር በእርጥብ ፎጣ ጠረገች። ሥራዋ ነው። ጠባቂው እዚያው ነበር። ሽማግሌው የስልኩን ወሬ ሰምቷል፤ አድራሻው ግን አልተሰማውም።

«አገኙት?» አላት ቀስ ብሎ።

ፎጣውን ገልብጣ መጥረግ ቀጠለች።

«ልጄ» አለ። «አንቺን ብዬ ነው እኮ የከፈትኩት።»

አንድ ቃል ይበቃ ነበር። አላገኙትም ብትለው ይበቃ ነበር። ጠባቂው እያያት ነበር። ፎጣውን አጥፋ ሳህኑ ላይ አስቀመጠች። ሽማግሌው ዓይኑን እንደገና ጨፈነ፤ አሁን ግን የሚደብቀው ነገር ኖሮት አልነበረም። አንስተው ወሰዱት። ኩል ወንበሩን ጠረገች፣ ወለሉን ጠረገች፣ አሁንም ወንበሩን ጠረገች።

የሥራ ሰዓት ሲያልቅ «እሺ ዶክተር፣ ደህና ያምሹ» ብላ ወጣች። አልያዟትም። ሥራዋ አላለቀም ማለት ነው። ከእሷ ኋላ ማን እንዳለ ማየት ይፈልጋሉ።

ጃንጥላ ማቆሚያው ላይ ይጠብቃት ነበር። ዓይኑን በጨው አጥቦ።

«ተሳካ?»

«ተሳካ።»

«ከፈተ?»

«ከፈተ።»

«ጎበዝ። ነይ፣ አብረን እንሳፈር።»

ተሳፈሩ። ከኋላ ወንበር ላይ ቡናማ ጃኬት የለበሰው ሰውዬ ጋዜጣውን ከፍ አደረገ። ጃንጥላ እንዳላየ ሆነ፤ ጠዋት ወረቀት አብሮት የለቀመውን ሰው እንዳላየ ሆነ። ኩል በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። የሚገርመው ገና አልጠላችውም ነበር። ስንት ጊዜ ሲያድናት የነበረው ከልቡ ነበር? ወይስ ያ ሁሉም የዛሬው ቀብድ ነበር?

«አሁን ወዴት ነሽ?» አላት።

«ቤት። ደክሞኛል።»

«ዘመድ እያለሽ ለምን ብቻሽን ትቀመጫለሽ? እህት አለችኝ ብለሽኝ አልነበር?»

«ብዬህ አላውቅም።»

ሳቀ። «እንግዲያው ከሌላ ሰው ጋር ተምታቶብኝ ይሆናል።»

አውቶቡሱ ጨርቅ ተራ ጋ ቆመ። ሰው ወረደ፣ ሰው ወጣ። የጃንጥላ ስልክ ጮኸ።

አዳመጠ። ፊቱ ላይ የነበረው ሳቅ እንዳለ ቀረ፤ የሚያነሳው ሰው የጠፋ ዕቃ ይመስል።

«ብስክሌት ጠጋኝ?» አለ። «የምን ብስክሌት ጠጋኝ?»

ቀስ ብሎ ዞረና አያት።

በሩ እየተዘጋ ነበር።

ዘለለች።

በሩ የቀሚሷን ጫፍ ያዘ። ጎተተች፣ ተቀደደ። ከኋላዋ ጃንጥላ በሩን እየደበደበ «አቁም! ሌባ!» ይላል። ሾፌሩ ግን አረንጓዴው መብራት እንዳያመልጠው መንዳቱን ቀጠለ።

ጨርቅ ተራ ገባች። ጥቅል ጨርቆች በተደረደሩበት መሐል፣ በአንዱ ሱቅ ገብታ በጓሮ በር በሌላው ወጣች። ቀይ ሻሽ ገዝታ አሰረች፣ ሹራቧን አውልቃ መደርደሪያ ላይ ተወችው። ሁለት ታክሲ ቀየረች። መጨረሻውን በእግሯ ሄደች፤ እየቆመች፣ ጫማዋን እያሰረች፣ እየዞረች። ተከታይ የለም።

የመደበቂያው ቤት ከአንድ እንጨት መሰንጠቂያ ጀርባ ነው። እህቷ በሩን ስትከፍት ልጁ ትከሻዋ ላይ ተኝቷል።

«እትዬ! እንዴት መጣሽ? ክልክል ነው አይደል?»

«ጃንጥላ የነሱ ነው። አሁኑኑ ውጡ። ለሁሉም ንገሪ፣ እሱ የሚያውቀው መንገድ፣ እሱ የሚያውቀው ሰው፣ ሁሉም ይቅር።»

ሰው ሲሸሽ መሸሽን ከለመደ ጫጫታ የለውም። ብርድ ልብስ ተጠቀለለ፣ ጫማ ተደረገ፣ የልጁ ጡጦ ኪስ ውስጥ ገባ። ልብስ ሰፊው እንዴት ነው ብሎ አንዱ ጠየቀ። ኩል አልመለሰችም፤ እሱም አልደገመም።

እህቷ በሩ ላይ አቀፈቻት። «ሌላ ቦታ አለን። ጃንጥላ አያውቀውም። አንቺም ትመጫለሽ። ወደ…»

ኩል አፏን በእጇ ከደነችው።

«አትንገሪኝ።»

እህቷ እጇን አነሳች። «እንዴ፣ ታዲያ በምን ታገኚናለሽ?»

«አላገኛችሁም።»

«እትዬ፣ ምን ነካሽ?»

«አፌን አምነዋለሁ። ቢቆራርጡኝም አልናገርም። ዓይኔን ግን አላምነውም።» የእህቷን ክንድ ያዘች። «ዓይን ባለቤቱን ሲያጋልጥ ዛሬ አይቻለሁ። ከኔ የሚበልጥ ሰው ነው ያየሁት። የማላውቀውን ብቻ ነው ሊወስዱብኝ የማይችሉት።»

እህቷ አለቀሰች፤ ግን ገባት። ልጁን ወደ እሷ አዘነበለችው። ኩል ልጁን ግንባሩን ሳመችው፣ ሞቅ ያለ ነበር። ከዚያ ዞረች፣ ፊቷን ግድግዳው ላይ አድርጋ ቆመች። የእግር ኮቴ ወጣ። መንገዱ ጫፍ ላይ ሲደርስ ወደ ቀኝ ይታጠፍ ወደ ግራ እንዳትሰማ ጆሮዎቿን በመዳፎቿ ደፈነች። እንዲህ ሆና ብዙ ቆየች። ስትዞር መንገዱ ባዶ ነበር።

በማግስቱ ከከተማው ስትወጣ ዶክተሩ በእርሳስ ባከበበው ሰፈር በኩል አለፈች። ማለፍ አልነበረባትም። የሙያው ደንብ ይከለክላል፤ የሙያው ደንብ ግን ትናንት አልቆለታል። የብስክሌት ጥገናው በር ተገንጥሏል። ጎማዎች መንገዱ ላይ ተበትነዋል። አንዲት ሴት የተጣመሙ ሽቦዎችን ትጠርጋለች፤ እየጠረገች ለጎረቤት ትናገራለች፦ «ባሌንም ወሰዱት፣ ልጆቹንም ወሰዷቸው። የት እንዳደረጓቸው እንኳን የሚነግረኝ አጣሁ።» ይቅርታ የሚል ቃል ኩል አፍ ድረስ መጣ። ይቅርታ ለማን፣ ስለ ምን ብላ? ጎንበስ ብላ አንድ ሽቦ አነሳችና ለሴትዮዋ አቀበለች። ሴትዮዋ ሳታያት ተቀበለቻት።

ልብስ ሰፊው ያን ሳምንት አላለፈም። ወሬውን የሰማችው ዘግይታ ነው። በግርፋት ነው ያሉ አሉ፤ ምግብ አልቀምስም ብሎ ነው ያሉም አሉ። አንድም ሰው «አልተገኙም እኮ፣ ተርፈዋል» ብሎት ይሆን? ሌሊት ሌሊት ይህን ትጠይቃለች። የሚመልስላት የለም። ጃንጥላ በሕይወት አለ፤ ምናልባት ዛሬም በሆነ ሰልፍ ላይ ለሆነ ሰው ጃንጥላውን ይጥላል።

አሁን በሌላ ከተማ በአንድ ልብስ ማጠቢያ ቤት ትተኩሳለች። ኩል የሚላት የለም። የሰጠችው ስም ያሰበችበት ሳይሆን በሩ ላይ ሲጠይቋት አፏ ላይ የመጣው ነው። የቤቱ ባለቤት ወሬ የምትወድ ሴት ናት፣ ክፋት የላትም።

«ቤተሰብ የለሽም እንዴ አንቺ?» አለቻት አንድ ቀን፣ ሸሚዝ እየተኮሰች።

«እህት አለችኝ። ከልጇ ጋር።»

«ውይ! የት ነው ያለችው?»

«አላውቅም።»

ባለቤትየዋ ካውያውን አስቀምጣ ዓይኗን ትክ ብላ አየቻት፤ ሰው ሲዋሽ ለማወቅ እንደሚደረገው። የኩል ዓይን ባለበት ቆመ። የሚሄድበት አልነበረውም።

«ውሸትሽን ነው ብዬ ነበር» አለች ሴትዮዋ፣ አዝና። የሚቀጥለውን ሸሚዝ አቀበለቻት።